ጦጣዋ እና ዶሜስቲኬት የሚለው ቃል

ዛሬ የምጽፍላችሁ ፈተና ላይ አንድ ማርክ ስላስቀነሰብኝ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉ ዶሜስቲኬት ይባላል።

ጥያቄው በቃሉ ዓረፍተ ነገር ሥሩ የሚል ነበር። እኔም «አጎቴ አንዲት ጦጣ ዶሜስቲኬት አደረገ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ቲቸር ግን በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረጉበት። ስጠይቃቸው «አጎትሽ ቴም አድርጓት ይሆናል እንጂ ዶሜስቲኬት አላደረጋትም» አሉኝ።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ቴም ማለት አንድን እንስሳ ሰው እንዲለምድ ማድረግ ነው። ያ እንስሳ ቢለምድም ልጁ ሲወለድ እንደገና የዱር ነው። ዶሜስቲኬት ግን የዘር ጉዳይ ነው። ሰው ገር ገሩን እየመረጠ ያራባል፣ ከልጆቹም እንደዚያው ይመርጣል፤ ብዙ ትውልድ ሲያልፍ የእንስሳው ጠባይም መልክም ይለወጣል። ውሻ ከተኩላ ዘር ወጥቶ ውሻ ከሆነ ከ14 ሺህ ዓመት በላይ ነው። ቃሉ የመጣው ዶሙስ ከሚል የላቲን ቃል ሲሆን ቤት ማለት ነው።

ይህን በሙከራ ያሳዩ ሳይንቲስት አሉ፤ ዲሚትሪ ቤልያዬቭ ይባላሉ። በ1959 እ.ኤ.አ. ሳይቤሪያ ውስጥ ቀበሮዎችን ማራባት ጀመሩ። በየትውልዱ ሰው የማይፈሩትንና የማይናከሱትን ብቻ ይመርጡ ነበር። ጥቂት ትውልድ እንዳለፈ እንደ ውሻ ጅራታቸውን የሚቆሉ ቡችሎች ተወለዱ! በኋላም ጆሯቸው የተንጠለጠለና ቀለማቸው ቡራቡሬ የሆኑ መጡ።

እኛ አገር ደግሞ ጥርኝ አለ። ለዝባዱ ሲባል ከዱር ተይዞ ሰው ቤት ይቀመጣል። ቤት ውስጥ ስለኖረ ግን ዶሜስቲኬት ሆነ አይባልም።

ቃሉ ለእህልም ይሠራል። ጤፍን ከዱር ሣር ዶሜስቲኬት ያደረጉት የእኛው አገር ገበሬዎች ናቸው። «ጤፍ ቴም አደረግሁ» ካላችሁ ግን ይሳቅባችኋል።

በአማርኛ ዶሜስቲኬት ማላመድ፣ ቴም ደግሞ መግራት ቢባል ይሻላል ባይ ነኝ። አያቴ ወይፈን ሲገራ አይቻለሁ። የከብት ዘር ከተላመደ ስንት ሺህ ዓመቱ ነው፤ ወይፈኑ ግን ቀንበር ሲጫንበት አያቴን ጎትቶ ሊጥለው ነበር። ስለዚህ የተላመደ ሆኖ ያልተገራም አለ ማለት ነው።

የእኛ ጦጣ ደግሞ ተቃራኒው ነበረች። ስሟ ሚጢ ነው። አጎቴ በቆሎ ማሳ ውስጥ ጫጩት የምታክል ሆና አገኛትና ወተት እያጠጣ አሳደጋት። ትከሻዬ ላይ ትቀመጥ ነበር፣ ዳቦም ከእጄ ትበላለች። ካደገች በኋላ ግን አንድ ቀን ትንሿን እህቴን እጇን ነከሰቻት። ጤና ጣቢያ ተወስዳ መርፌ ተወጋች። ሰው ሁሉ ሚጢን «ከሃዲ!» አላት። አጎቴም ወንዝ ዳር ያለው ጫካ ወስዶ ለቀቃት። እኔም ተናድጄባት ስለነበር ልሸኛት አልወጣሁም።

ቲቸር ካስረዱኝ ቀን ማታ እህቴ ጠባሳዋን እያየች «ሚጢ ለምን ጠላችኝ?» አለችኝ። በፊትም ትጠይቀኝ ነበር፤ መልስ አልነበረኝም። አሁን «አልጠላችሽም፣ እሷ እኮ የዱር ናት» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ለምን አመጣናት?» አለች።

ማርኩ አልተመለሰልኝም።