ልጅ ሲዘገይ ሁለቱም ይመርመሩ

ፊደል ቆጥራችሁ ይህን ጽሑፍ በገዛ ዓይናችሁ ለማንበብ የበቃችሁ ወገኖች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። የዛሬው ትምህርታችን በጓዳ እንጂ በአደባባይ ስለማይነገር ነገር ነው። ልጅ ሲታጣ ምክንያቱ ወንዱም ሊሆን እንደሚችል እንማራለን።

እስቲ በይጁቤና በዙሪያዋ የምናየውን እናስታውስ። ሠርግ ይደገሳል። አንድ ዓመት ያልፋል፤ ሁለት ዓመት ያልፋል። ልጅ የለም። ከዚያ ወሬው ይጀመራል። አማት ምራቷን በጎሪጥ ታያለች። ጎረቤት «መካን ናት» ይላል። ሴቲቱ ብቻዋን ከጠበል ጠበል ትንከራተታለች። በመጨረሻ ትፈታለች። ባልየው ሌላ ያገባል፤ ከሁለተኛይቱም ልጅ የለም። የተፈታችው ግን ሌላ ባል አግብታ ትወልዳለች። እንዲህ ያለ ነገር አልሰማችሁም? ታዲያ ያ ትዳር በከንቱ ፈረሰ ማለት ነው።

ገበሬ ባቄላው ሳይበቅል ቢቀር መሬቱን ብቻ አይወቅስም። «ዘሩን ነቀዝ በልቶት ይሆን?» ብሎም ይመረምራል። በትዳርም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ ከ6 ሰዎች 1 ያህሉን በሕይወት ዘመኑ ልጅ የማግኘት ችግር ያጋጥመዋል። ልጅ ካጡ ባልና ሚስቶች ደግሞ በግማሽ ያህሉ የወንዱ ችግር አለበት፤ ለብቻው ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ።

ችግሩ ምንድን ነው? የወንዱ ዘር ቁጥሩ ሊያንስ፣ እንቅስቃሴው ሊደክም ወይም ጭራሹን ላይኖር ይችላል። ይህ በዓይን አይታይም። ሰውየው በሬ ጠምዶ ሲያርስ የሚውል ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ከሚስቱ ጋር መተኛትም አያቅተው ይሆናል። መተኛት መቻልና መውለድ መቻል ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ወንድነቱ ጎደለ አይባልም።

ምክንያቱስ? ከጉርምስና በኋላ የሚይዝ ጆሮ ደግፍ ቆለጥን ሊጎዳ ይችላል። በጊዜው ያልታከመ ጨብጥ የዘሩን መንገድ ይደፍናል። በቆለጥ ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ማበጥም ዘሩን ያደክማል። ሲጋራና ብዙ መጠጥም ይጎዳሉ። አንዳንዴ ምክንያቱ ተፈልጎ አይገኝም። እርግማን ግን አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሳይለያዩ አብረው እየኖሩ 1 ዓመት ሙሉ ልጅ ካልመጣ፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሚስት ዕድሜ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነ 6 ወር ይበቃል። ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ቢልኳችሁም አትዘግዩ። የወንዱ ምርመራ ቀላል ነው፤ አይቆረጥም፤ አይወጋም። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ዘሩን በንጹሕ ዕቃ ይሰጣል። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ ቆየት ብሎ ይደገማል። ዘር ተሠርቶ እስኪበስል 3 ወር ያህል ስለሚፈጅ፣ ያለፈ ብርቱ ትኩሳት እንኳ ሊያሳንሰው ይችላል።

አንዳንዱ በመድኃኒት ይድናል፤ አንዳንዱ በቀዶ ሕክምና። ዘርን ከእንቁላል ጋር ከማኅፀን ውጭ የማገናኘት ሕክምናም አለ። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ሕፃን በ1970 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተወለደች። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ይህ ሕክምና ተጀመረ። ወጪና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሁልጊዜም አይሳካም። ጠበሉን ተጠመቁ፤ ምርመራውንም አትተዉ። «በአንድ ሳምንት አስወልዳለሁ» ለሚል አታላይ ግን ላማችሁን አትሽጡ።

አሁን ወደ ልብ ነገር እንምጣ። ወንድሜ ሆይ፣ «ዘርህ ደካማ ነው» ስትባል ምድር የከዳችህ ይመስልሃል። «ወንድ አያለቅስም» እየተባልክ ስላደግህ ታፍነዋለህ። ክርስትና ስትጠራ ትቀራለህ። ማታ አረቄ ቤት ታመሻለህ። ሚስትህን ያለ ምክንያት ትቆጣለህ። ይህ ኀዘን ነው፤ ኀዘን ደግሞ ብቻ ሲይዙት ይከብዳል።

መጀመሪያ ለሚስትህ ንገራት። «ችግሩ ከእኔ ነው፤ አንቺ ጥፋት የለብሽም» በላት። ይህን ማለት ድፍረት ነው፤ እሷንም ከሐሜት ያድናል። ቀጥሎ ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው ምረጥ። ወንድምህ፣ ሚዜህ፣ የነፍስ አባትህ ወይም የጤና ባለሙያው ሊሆን ይችላል። ኢያቄምና ሐናም ልጅ በማጣታቸው ተንቀው ነበር፤ አብረው ግን ቆሙ። «መሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ አንዲት ሌሊት እንኳ ብቻህን አትደር። ለሰው ተናገር፤ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ የሐሳብ ጭንቀትም ሕክምና አለው።

እናንተ ዘመዶችና ጎረቤቶች ደግሞ፣ «ምነው፣ ዛሬም ምንም የለም?» እያላችሁ ቁስል አትነካኩ። አማቶች ሆይ፣ ምራታችሁን አታባርሩ። የሚያጽናና ሰው ብዙ አይጠይቅም፤ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

ልጅ ባይገኝስ? ቀድሞም በአገራችን የጡት ልጅ አለ። ወላጅ ያጣ ልጅ በሕግ ማሳደግም ይቻላል። ያሳደገ አባት ነው። ሁለት ሆነው ተፋቅረው መኖርም ሙሉ ትዳር ነው።

አሁን በየቡድናችሁ ተወያዩ።

1. ልጅ ሲዘገይ ሴቷን ብቻ የምንወቅሰው ለምንድን ነው?
2. ባልና ሚስት መቼ ይመርመሩ?
3. ጓደኛችሁ ምስጢሩን ቢነግራችሁ ምን ትሉታላችሁ?

በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።