ማጽናናት በክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዘንድ

በአገር ቤት ሳለን ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር በእምነት ብንለያይም በሐዘን እንተዋወቅ ነበር። እዚህ እስራኤል የተወለዱ ልጆቻችን ግን፣ ከኢትዮጵያ የሞት ወሬ ሲመጣ ሽማግሌዎች ለምን ወዲያው እንደማይናገሩ፣ ለቅሶ ቤትም ገብተው ለምን ዝም ብለው እንደሚቀመጡ ይጠይቃሉ። ልማዱ የጋራ ስለሆነ የክርስቲያኖቹን ወገን መመልከት ይጠቅማል።

«ማጽናናት» የመጣው «ጸና» ከሚለው ግሥ ነው። ሐዘንን ማስረሳት ሳይሆን የተናወጠውን ሰው ደግፎ ማቆም ማለት ነው። ከፋሲካ ጀምሮ በ50ኛው ቀን የሚከበረው የጰራቅሊጦስ በዓልም ስሙ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «አጽናኝ» ተብሎ ይተረጎማል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው ሁለተኛ መልእክት መግቢያ ላይ፣ በመከራው የተጽናና ሰው ሌላውን እንዲያጽናና ያስተምራል። ሐዘን ያላየ አጽናኝ ብዙ ያወራል የሚባለውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሥራው የሚጀምረው በመርዶ ነው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ዘመድና ጎረቤት በምስጢር ይመካከራል። አብዛኛውን ጊዜ ጎህ ሲቀድ፣ ባለሐዘኑ ከቤት ሳይወጣ፣ የንስሐ አባቱ ወይም የተከበረ ሽማግሌ ከፊት ሆኖ ብዙ ሰው አብሮ ይሄዳል። ሌሊቱን እንዲተኛ፣ ሲሰማም ብቻውን እንዳይሆን፣ ቢወድቅ የሚይዘው እንዲኖር ነው። ይህን እንደ ማታለል የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ግን ከርኅራኄ እቆጥረዋለሁ። ዛሬ የስልክ መልእክት ሽማግሌውን እየቀደመው ተቸግረናል።

ከዚያ በኋላ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮና እንጀራ ያመጣል፤ የሐዘን ቤት እሳት አያነድም። የገባው ሰው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ሌላ ንግግር አይጠበቅበትም። ቄሶች ፊት መንጨትንና ደረት መድቃትን ይገሥጻሉ እንጂ ለቅሶን አይከለክሉም፤ በዮሐንስ ወንጌል ኢየሱስ ራሱ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል።

ከባዱ ጊዜ ድንኳኑ ሲነሣ ነው። ከሰልስት በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ባለሐዘኗ ባዶ ቤት ትቀራለች። የ12ኛው፣ የ30ኛው፣ የ40ኛውና የ80ኛው ቀን መታሰቢያ ለሟቹ ነፍስ የሚደረግ ጸሎት ቢሆንም፣ በዚያውም ሰዎችን ወደዚያች ሴት ደጅ ይመልሳል። ለተዝካር የሚወጣው ገንዘብ ግን ብዙ ድሃ ቤት በዕዳ አስጨንቋል፤ ይህም መነገር አለበት።

ተዝካር የሚለው ቃል በቤተ እስራኤልም ዘንድ አለ። ሬሳ የነካ ሰው 7 ቀን ተለይቶ መቆየቱ ግን የእኛ ሥርዓት ነበር። መርዶ ደግሞ ከእኛ ጋር ባሕር ተሻግሯል። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል ሲመጡ በመንገድና በመጠለያ ካምፕ የሞቱት ወገኖቻችን 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ዛሬ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ አላቸው። ቀድመው እስራኤል ለገቡት ቤተሰቦች ወሬው ሲደርስ፣ ለብዙዎቹ በማለዳ በራቸውን ያንኳኩት ተሰብስበው የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ።