ስለ አዲስ አበባ መንገደኛ ሊያውቀው የሚገባ ነገር

ከቀብሪበያ ተነሥቶ በጅጅጋና በሐረር በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚመጣን መንገደኛ አስቀድሞ የሚያስደንቀው የሕንፃው ቁመትና የሕዝቡ ብዛት ነው። ነገር ግን ልብ ብሎ ለሚመረምር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ድንቅ አለ፤ ይኸውም ይህ ታላቅ ከተማ በውሃ ምክንያት ተመሥርቶ በእንጨት ማጣት ሊፈታ ከተቃረበ በኋላ መዳኑ ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አስቀድመው የተቀመጡት በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። ተራራው ለጠላት የማይመች ቢሆንም ብርዱ የበረታ፣ ውሃውም የራቀ ነበር። ስለዚህ እቴጌ ጣይቱ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ከሚሉት ፍል ውሃ ዘንድ ወርደው ቦታውን ስለ ወደዱት፣ በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠርቶ ስሙ አዲስ አበባ ተባለ። ይሁን እንጂ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑት ገና በእንጦጦ ማርያም ነበር።

ሕዝቡ እየበዛ በሄደ ጊዜ የዙሪያው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቈርጦ አለቀ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻውን በስተምዕራብ ወዳለው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ በዚያ ቤተ መንግሥት ተጀመረ፤ ኋላ ግን አሳቡ ስለ ተለወጠ ስፍራው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማውን ካዳኑት ነገሮች አንዱ ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ ነው፤ ከባሕር ማዶ መጥቷልና ባሕር ዛፍ ተባለ። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቈርጡትም ከጉቶው ዳግመኛ ያቈጠቍጣል።

ይሁንና መድኃኒቱ ነቀፋም አለበት፤ ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ከሥሩም ሣር በደኅና አያበቅልም። የአገሩን ጥንታዊ ዛፍ ለማየት የሚወድ መንገደኛ ወደ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ይግባ፤ ጽዱና ወይራው በካህናት ጥበቃ የቀረው በዚያ ነውና።

ይህ ነገር ለቀብሪበያ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በ1983 ዓ.ም. ከሶማልያ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በዚያ በሰፈሩ ጊዜ የሰው ብዛት ከውሃው በለጠ፤ በኋላም ከጀረር ሸለቆ ውሃ በቧንቧ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ድካም ሆነ።

እንግዲህ ከተማ የሚጸናው በግንቡ አይደለም። ከተማ እንዲሰፋ የሚፈቅድ ሹም ከቤቱ ቍጥር በፊት ምንጩንና ዛፉን ይቍጠር። ሕዝብ በበዛ ጊዜ ሌላ አዲስ ዓለም መፈለግ ለሁሉ አይቻልምና።