«ገፊ» እንዳይሏት

በየቤታችን ስሙ የማይነሣ አንድ ዘመድ አይጠፋም። ልጆች «እሱስ የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁ ትልልቆቹ ወሬ ይለውጣሉ። በእኛ ቤት ይህ ሰው የአያቴ አባት ነበሩ።

አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ አካባቢ፣ ቅመም ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ስለ አባታቸው ሲጠየቁ መልሳቸው «ጥሎን ሄደ» ነው፤ ሌላ ቃል አይጨምሩም። አምና ታመው ሲተኙ ግን አንድ ማታ «የት ወድቆ እንደ ቀረ ሳላውቅ ልሞት ነው» አሉኝ። ፍለጋውን የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

የመንግሥት ወረቀት ፍለጋ ብዙ እንደማያዋጣ ቀድሞ ይታወቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደትና ሞት በመዝገብ እንዲሰፍሩ ቢደነግግም፣ ያው ሕግ በአንቀጽ 3361 ሥራ ላይ መዋሉን ወደፊት ለሚወጣ ትእዛዝ ትቶት ነበር። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ከዚያ በፊት የሞተ ድሃ የት ይፈለጋል? እኔ የሄድኩት ወደ ዕድር ነው።

ዕድር ድንኳን ለመትከልና ለቅሶ ለመድረስ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ነገር ግን ማን ሲሞት ምን ያህል እንደሚከፈል እንዲታወቅ፣ አባሉ ሲመዘገብ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ያስቆጥራል። (እናቶች፣ የዕድራችሁ አሮጌ መዝገብ የት እንዳለ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?) የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ሦስት የቆዩ መዝገቦችን ከቆርቆሮ ሣጥን አውጥተው አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሳገላብጥ ቆይቼ የቅድመ አያቴን ስም አገኘሁ። «ባለቤት» በሚለው ረድፍ ላይ «በየካቲት 12 የሞተ» ተብሎ ተጽፏል።

እንደሚታወቀው፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በዛሬው የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ለድሆች ምጽዋት እንዲሰጥ አድርጎ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ሲወረውሩበት ጣሊያኖች በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩስ ከፈቱ፤ ግድያውና ቤት ማቃጠሉ ሦስት ቀን ቀጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ሲያደርስ፣ ኢያን ካምቤል የተባለው ጸሐፊ ደግሞ 19,000 ያህል ይላል።

ቅድመ አያቴ ባል እዚያ ምን ሊሠሩ ሄዱ? ይህን የነገሩኝ ከዕድሩ አባላት በዕድሜ የገፉት እማማ ናቸው። እናታቸው አዋላጅ ነበሩ፤ በወረራው ዓመታት ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ አዲስ ከተማ ሲዛወር ከቅድመ አያቴ ጋር አብረው የመጡ።

«ምጥ ይዟታል» አሉኝ እማማ ስኒያቸውን አስቀምጠው። «ለገንፎው ዱቄት አለ፤ ቅቤ የለም። ባሏ ኩሊ ነበር። ጣሊያን ለድሃ ገንዘብ ይሰጣል ሲባል ሰምቶ፣ ‹ለቅቤው ያህል ላምጣ› ብሎ ወጣ። ልጅቷ ከቀትር በኋላ ተወለደች። እሱ አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልተገኘም።»

«ታዲያ ለምን ጥሎን ሄደ ተባለ?»

«ገፊ እንዳይሏት ብላ ነዋ፣ ልጄ! በተወለደችበት ቀን አባቷን የበላች እየተባለች ከምታድግ፣ እሱ ጨካኝ ይባል አለች።»

ጋዜጠኛ ነኝና በአንድ ሰው ቃል ብቻ አልረካሁም። አያቴ የተወለዱበትን ቀን አያውቁም፤ ክርስትና የተነሡት ግን በግንቦት ልደታ፣ ግንቦት 1 ቀን፣ መሆኑን ያውቃሉ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። ከግንቦት 1 ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ ሚያዝያ ሠላሳ፣ መጋቢት ሠላሳ፣ ከየካቲት አሥራ ዘጠኝ ቀን። የካቲት 12 ላይ አረፈ።

እናቴ «በዚህ ዕድሜያቸው አትንገሪያቸው» ብላኝ ነበር። ሦስት ቀን ሳመነታ ቆይቼ ነገርኳቸው። አያቴ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥሎም «ለቅቤ?» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስረግመው ኖርኩ፤ ለእኔ ቅቤ ሊያመጣ ነው የሄደው?» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ሻል ሲላቸው ስድስት ኪሎ ወዳለው የሰማዕታት ሐውልት ወሰድኳቸው። የራሱ መቃብር የሌለው ሰው ሌላ የት ይጎበኛል? ከሐውልቱ ሥር የተቀረጹትን ሬሳዎች አንድ በአንድ እያዩ ዞሩ፤ ፊት የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ ፍትሐት ይደረግለት አሉ። ካህኑ በጥሞና ሰምተው «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ለጸሎቱ የሚያስፈልገው እሱ ነው። በዕድሩ መዝገብ የለም፤ እማማም አልሰሙትም። አያቴ ወደ እኔ ዞረው «በይ፣ እሱንም ፈልጊልኝ» አሉ።

በሚመጣው ሳምንት ወደ አራዳ ጊዮርጊስ እሄዳለሁ።