ስለ ምድር ቤት ማሞቅና ማቀዝቀዝ



ስለ ቤት ማሞቂያ በዚህ መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንድ ሰው ያለ ቦታው የገባ ነገር ሊመስለው ይችላል። እኛ ደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች ብርድ ሲመጣ በር እንዘጋለን፤ ጋቢ እንደርባለን፤ ቡና ይፈላል፤ ነገሩም በዚሁ ያልቃል። ነገር ግን ከመካከላችን በአሜሪካ አገር፥ ይልቁንም በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች፥ ወንድም ወይም እኅት፥ አጎት ወይም አክስት ያለው ብዙ ነው። ከነዚህም ዘመዶቻችን ብዙዎቹ የመጀመሪያውን የበረዶ ወራት ያሳለፉት እነርሱ «ቤዝመንት» በሚሉት፥ ከቤት ሥር በተቆፈረ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ በፊዚክስ ክፍል ስለ ሙቀትና ስለ እንፋሎት የተማርነው ትምህርት ለእነርሱ ኑሮ ምን እንደሚጠቅም በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ፥ ምድር ቤት ስለምን ይቆፈራል? ውሃ በረዶ ሲሆን እንደሚሰፋ ሁላችንም እናውቃለን። በሰሜን አሜሪካ በብርድ ወራት የመሬቱ ገጽ ራሱ በረዶ ይሆናል። የቤት መሠረት በዚህ በሚረጋው አፈር ላይ የተጣለ እንደ ሆነ፥ አፈሩ አብጦ ቤቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በጸደይም ሲሟሟ መልሶ ይለቀዋል፤ ግድግዳውም ይሰነጠቃል። ከዚህም የተነሣ መሠረቱ በረዶው ከሚደርስበት ጥልቀት በታች እንዲያርፍ የግንባታ ደንብ ያዛል። ለምሳሌ በሚኒሶታ ግዛት ይህ ጥልቀት በደቡቡ ክፍል ከ1 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፥ በሰሜኑ ክፍል ደግሞ 1 ሜትር ተኩል ያህል ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ከተቆፈረ ጥቂት ጨምሮ መቆፈርና አንድ ሙሉ ክፍል ማግኘት ይሻላል ማለታቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ቀድሞ የድንጋይ ከሰልና የምድጃ ቦታ ነበር፤ ኋላ ግን ወለሉን አልብሰው፥ ግድግዳውን ለስነው፥ መብራት አስገብተው የሰው መኖሪያ አደረጉት።

የምድር ጠባይ በእውነት የሚያስገርም ነው። የቀን ፀሓይም ሆነ የሌሊት ቁር ወደ አፈር ውስጥ የሚዘልቀው በጣም ቀስ ብሎ ነው። የቀንና የሌሊት ልዩነት ግማሽ ሜትር ያህል ከወረዱ በኋላ አይታወቅም፤ የበጋውና የብርዱ ወራት ልዩነት ደግሞ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እየደከመ ሄዶ 10 ሜትር ገደማ ላይ ይጠፋል ለማለት ይቻላል። በዚያ የሚገኘውም ሙቀት ከአገሩ የዓመት አማካይ ሙቀት ጋር የሚቀራረብ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ይህ 14 ዲግሪ ሳንቲግሬድ ያህል ይሆናል። በ2 ወይም በ3 ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ደግሞ ከላይ ካለው አየር በሁለት በሦስት ወር ወደ ኋላ ይዘገያል፤ ውጭው ሲቃጠል በታች ገና የጸደይ ቅዝቃዜ አለ። በገጠር የጉድጓድ ውሃ በማለዳ ሲቀዳ ለእጅ ለብ ብሎ፥ በቀትር ሲቀዳ ቀዝቅዞ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው እጃችን የነበረበት አየር ነው።

እንዲህ ከሆነ ምድር ቤት በብርድ ጊዜ ሙቅ፥ በሙቀት ጊዜ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም አያስፈልገውም የሚል አይጠፋም። ይህ አነጋገር ግማሹ እውነት ነው። 14 ዲግሪ ለድንችና ለሽንኩርት መልካም ነው፤ ተቀምጦ ለሚውል ሰው፥ ይልቁንም ለሽማግሌና ለሕፃን ግን ብርድ ነው። በሞቃቱም ወራት የሚያስቸግረው ሙቀቱ ሳይሆን ውሃው ነው። ይህን ነገር ብዙ ሰው ስለማያስተውለው ጥቂት ልቆይበት።

በሐምሌ ወር ውጭ ያለው አየር 30 ዲግሪ ሞቆ፥ ሊሸከም ከሚችለው እንፋሎት 70 ከመቶውን ይዟል እንበል። 30 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊይዝ የሚችለው እንፋሎት 30 ግራም ያህል ነው፤ 70 ከመቶው 21 ግራም ይሆናል። ይህ አየር በመስኮት ገብቶ 20 ዲግሪ ከሆነው የአርማታ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ ይቀዘቅዛል፤ 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር ደግሞ ከ17 ግራም ብዙ የማይበልጥ እንፋሎት ነው የሚይዘው። የቀረው 4 ግራም ወዴት ይሄዳል? ውሃ ሆኖ በግድግዳው ላይ፥ ከምንጣፉ ሥር፥ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ይቀመጣል። ክፍሉ 150 ሜትር ኩብ ቢሆንና በውስጡ ያለው አየር ሁሉ እስከዚያ ቢቀዘቅዝ፥ አየሩ አንድ ጊዜ በተለወጠ ቁጥር ከግማሽ ሊትር የበለጠ ውሃ በቤቱ ውስጥ ፈሰሰ ማለት ነው። እንግዲህ የምድር ቤቱን እርጥበት አደርቃለሁ ብሎ በበጋ ቀትር መስኮት የሚከፍት ሰው በባልዲ ውሃ እንደሚያስገባ ይቈጠራል።

ከእርጥበቱ በኋላ ሻጋታ ይመጣል፤ ሻጋታም ደረት ለሚያመው ሰው ጠላት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በቤት ውስጥ ያለው እርጥበት ከ60 ከመቶ በታች፥ የሚቻል ከሆነም ከ30 እስከ 50 ከመቶ እንዲሆን ይመክራል። የዛሬው የአየር ማቀዝቀዣ የተወለደውም ሰውን ለማቀዝቀዝ ሳይሆን እርጥበትን ለመግራት ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. ዊሊስ ካሪየር የተባለው የ25 ዓመት መሐንዲስ በኒውዮርክ፥ በብሩክሊን ለሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት መሣሪያውን የነደፈው፥ ወረቀቱ በእርጥበት እየሰፋና እየጠበበ ቀለሞቹ አልገጥም ስላሉ ነበር። የማተሚያ ቤት ሰዎች ይህን ችግር እስከ ዛሬ ሳያውቁት አይቀሩም።

ይህን ሁሉ እንድመረምር ያደረገኝ የቤተሰባችን ጉዳይ ነው። በሜሪላንድ የሚኖሩት አክስቴ አያቴን ወስደው አብረዋቸው ሊያኖሯቸው አሰቡ። አያቴ ጉልበታቸው ደረጃ አያስወጣቸውም፤ ቤቱ ግን በተዳፋት ላይ የተሠራ ስለ ሆነ ምድር ቤቱ በቀጥታ ወደ ጓሮ የሚያወጣ በር አለው። ወለሉ ተነጥፏል፤ ግድግዳው ተቀብቷል፤ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ግን ፈጽሞ የለውም። አያቴ ደግሞ አስም አለባቸው። በስልክ ሲመካከሩ አንዱ ሶኬት ላይ የሚሰካ ማሞቂያ ይበቃል ይላል፤ ሌላው ከላይ ያለውን አየር ወደ ታች መሳብ ይሻላል ይላል። እኔም የሰማሁትን ሁሉ እየጻፍሁ መምህሬን መጠየቅ ጀመርሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ ከመኪናው ጋር ግንኙነት የለውም። የጣሪያው አሸንዳ የዝናቡን ውሃ ከግድግዳው ሥር እንዳያፈስ ማራቅ፥ በቤቱ ዙሪያ ያለውም አፈር ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ መደልደል ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ሙቀት የሚከላከል ልብስ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ደረቅ የፎም ሰሌዳ በአርማታው ላይ አጥብቆ መለጠፍ ይሻላል፤ ከመስታወት ቃጫ የተሠራውን ጥጥ መሳይ ነገር ብቻውን ከአርማታው ጋር ያገናኙት እንደ ሆነ፥ የቤቱ አየር በውስጡ አልፎ ቀዝቃዛውን አርማታ ይነካና ከፍ ብለን ያሰብነው 4 ግራም ውሃ በማይታይ ቦታ ይጠራቀማል።

አሁን ወደ ማሞቂያው እንምጣ። ብዙዎቹ የአሜሪካ ቤቶች አንድ ምድጃ ያሞቀውን አየር በቆርቆሮ ቦይ ወደየክፍሉ ይልካሉ። ከዚህ ቦይ ቅርንጫፍ አውጥቶ ለምድር ቤቱ መስጠት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ምድጃውን የሚያዘው ሙቀት ለኪ፥ ቴርሞስታት የሚሉት፥ የሚገኘው ላይኛው ቤት ነው። በብርድ ወራት ላይኛው ቤት 20 ዲግሪ ሲደርስ ምድጃው ይጠፋል፤ በታች ያለው ሰው ገና እየተንቀጠቀጠ ነው። በበጋ ደግሞ ላይኛው ቤት ፀሓይ ስለሚመታው መኪናው ያለ ዕረፍት ያቀዘቅዛል፤ በታች ያለው ሰው በነሐሴ ብርድ ልብስ ይደርባል። በዚያም ላይ ሙቅ አየር ቀላል ስለ ሆነ ከጣሪያ የተለቀቀው እዚያው ጣሪያው ላይ ይንሳፈፋል፤ ራስ ሞቆ እግር ይቀዘቅዛል። ለምድር ቤቱ የራሱን ቴርሞስታትና በቦዩ ውስጥ የሚከፈት የሚዘጋ በር ካበጁለት፥ አየሩም ወደ ምድጃው የሚመለስበት መንገድ ወለሉ አጠገብ ከተሠራለት ነገሩ ይሻሻላል፤ ርካሽነቱ ግን ያን ጊዜ ቀረ።

በግድግዳ ሥር የሚገጠመው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለመግጠም ቀላል ነው፤ 1 ኪሎ ዋት ሰጥተውት 1 ኪሎ ዋት ሙቀት ይመልሳል። በበጋ ግን ምንም ሥራ የለውም።

ሦስተኛው መንገድ ሙቀት አመላላሽ መኪና ነው። አንዱ ክፍል ውጭ፥ አንዱ ክፍል ውስጥ ሆኖ፥ በግድግዳው ላይ በተበሳ 8 ሳንቲ ሜትር በሚያህል ቀዳዳ በመዳብ ቱቦ ይገናኛሉ። አሠራሩን ለመረዳት በእጅ ላይ ጥቂት አረቄ ማፍሰስ ይበቃል፤ አረቄው ሲተን እጅን ያቀዘቅዛል፥ ይኸውም ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት ከእጃችን ስለሚወስድ ነው። የብስክሌት ጎማ ስንነፋ ደግሞ መንፊያው ይሞቃል፥ ይኸውም የታመቀ አየር ስለሚግል ነው። መኪናው ከነዚህ ከሁለቱ የተሠራ ነው። በቱቦው ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ፥ ለምሳሌ አር-32 የሚባለው፥ በተራ አየር ግፊት የሚፈላው ከዜሮ በታች 52 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለእርሱ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ የሆነው የጥር አየር እንደ ምድጃ ነው፤ ከዚያ አየር ሙቀት ወስዶ ይተናል። ከዚያም ኮምፕረሰሩ ያምቀዋል፤ ግሎ ወደ ቤት ይገባል፤ ሙቀቱን ለክፍሉ ሰጥቶ እንደ ገና ፈሳሽ ይሆናል። መኪናው ሙቀትን አይፈጥርም፤ እንደ ኩሊ ይሸከማል እንጂ። ስለዚህ ለ1 ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ 3 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ሊሰጥ ይችላል፤ ውጭው በጣም በበረደ ቁጥር ግን ሸክሙ እየከበደ ይሄዳል። በበጋ የፈሳሹ ጉዞ ሲገለበጥ ይኸው መኪና ከቤት ወደ ውጭ ይሸከማል። ሐሳቡን ሎርድ ኬልቪን በ1852 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ገልጾታል፤ ጥቂት ዓመት ቈይቶም ፒተር ፎን ሪቲንገር በኦስትሪያ፥ በኤበንዜ፥ ጨው ለማድረቅ ሠርቶበታል።

እዚህ ላይ ትልቅ መኪና የገዛ ሰው ይጐዳል። የመኪናው ጕልበት «ቶን» በሚሉት ይለካል፤ አንድ ቶን ማለት አንድ የአሜሪካ ቶን፥ ማለት 907 ኪሎ ግራም፥ በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ለማሟሟት የሚበቃ ሙቀት የማንሣት ኀይል ነው፤ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ይሆናል። ምድር ቤት በመሬት የተከበበ ስለ ሆነ በበጋ የሚፈልገው ቅዝቃዜ ጥቂት ነው። ትልቁ መኪና ክፍሉን በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይቆማል፤ እንፋሎቱን ጠብታ አድርጎ ለማውጣት ግን ጊዜ አላገኘም። ከዚህም የተነሣ ክፍሉ ቀዝቃዛና እርጥብ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የአክስቴ ቤተሰብ በመጨረሻ የመረጡት ትንሽ ሙቀት አመላላሽና ለብቻው የቆመ እርጥበት መጣጭ ነው። የሚንጠባጠበው ውሃ በእነርሱ ቤት በጓሮው በኩል ይወርዳል፤ ዙሪያውን በአፈር በተከበበ ምድር ቤት ግን ውሃ ሽቅብ ስለማይፈስ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልገዋል። አያቴ መኪናው ሌሊት እንደ ድመት ያንኮራፋል እያሉ ያማሉ።

ስለ ሁለት የማይታዩ ነገሮችም መናገር ይገባል። በጋዝ የሚሠራ ምድጃ በምድር ቤቱ ውስጥ ካለና ክፍሉን ለማሳመር በጠባብ ግድግዳ ከዘጉት፥ የሚነደው እሳት አየር ያጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ይህ በአገራችን የከሰል ማንደጃ በተዘጋ ቤት አስገብተው የተኙትን ሰዎች የሚገድለው ጋዝ ነው። ሽታ ስለሌለው ሰው አይሰማውም፤ የማስጠንቀቂያ ደወል በመኝታው አጠገብ መኖር አለበት። ሁለተኛው ራዶን ነው። ይህ ጋዝ በአፈርና በዐለት ውስጥ ካለው ዩራኒየም እየተወለደ በወለሉ ስንጥቅ ይገባል፤ በአሜሪካ ከሲጋራ ቀጥሎ የሳንባ ነቀርሳ ምክንያት መሆኑ የታወቀ ነው። በአየር ውስጥ ያለው መጠን በሊትር 4 ፒኮኩሪ ከደረሰ ቤቱ እንዲታረም የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ይመክራል፤ እርማቱም ከወለሉ ሥር በቱቦና በማራገቢያ አየሩን ስቦ ከጣሪያ በላይ መልቀቅ ነው። ምርመራው ግድግዳና ወለል ከመልበሱ በፊት ቢደረግ ሥራው ይቀላል።

ምድር ቤት ለሚከራዩ ዘመዶቻችን ደግሞ ይህን ማወቅ ይበጃል። ብዙ ግዛቶች መሠረት አድርገው የያዙት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ፥ በብርድ አገር ማናቸውም የሚኖርበት ክፍል ከወለሉ 90፥ ከውጭው ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ሲለካ 20 ዲግሪ ሊሞቅ እንዲችል ያዛል፤ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያም ይህን ግዴታ እንደማይፈጽም በግልጽ ይናገራል። እንዲህ ያለው 1500 ዋት ማሞቂያ በ120 ቮልት 12 ተኩል አምፔር ይስባል፤ የአንድ ክፍል መስመር ብዙ ጊዜ 15 አምፔር ስለ ሆነ የቡና ማፍያ በዚያው መስመር ሲሰካ መብራቱ ይጠፋል፤ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ የተሰካ እንደ ሆነም ገመዱ ይግላል። ክፍሉ የሚተኛበት ከሆነ እሳት ሲነሣ ሰው የሚወጣበት፥ ሲከፈት ግማሽ ሜትር ካሬ ያህል የሚሰፋ፥ ደፉም ከወለሉ ከ112 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ መስኮት ወይም በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያወጣ በር ሊኖረው ይገባል። ውሉን ከመፈረም በፊት ቴርሞሜትርና የልኬት ሜትር ይዞ ገብቶ እነዚህን መለካት ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።