የወለምታ ነገር፤ ልጆቻቸው ቴኳንዶ ለሚማሩ ወላጆች

ሰውነትን በጨዋታና በግጥሚያ ማጠንከር ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የወሎ ጐልማሳ ከአዝመራ በኋላ ትግል ሲገጥም፥ በገናም ሰሞን በሜዳ ላይ ሩር ሲያሳድድ፥ ጕልበቱና ቅልጥሙ ብዙ ጊዜ ይጐዳ እንደ ነበረ ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል። ዛሬ ደግሞ ወጣቶቻችን በዚህ ላይ የሩቅ ምሥራቅን የግጥሚያ ጥበብ፥ ከሁሉም ይልቅ የኮርያን ቴኳንዶ ጨምረዋል። (የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ በዘመተ ጊዜ ጨዋታው ገና በዚህ ስም አይጠራም ነበር፤ ስሙ የወጣለት ከአራት ዓመት በኋላ ነው።) ከ1993ቱ የሲድኒ ኦሎምፒክ ጀምሮ ሙሉ የሜዳልያ ውድድር ሆኖ ተቈጥሯል፤ በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ በተደረገውም ኦሎምፒክ ሰለሞን ቱፋ ስለ ኢትዮጵያ ተወዳድሮበታል። እንግዲህ በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰል ውጫሌ የሚኖር ልጅ ነጭ ልብሱን ለብሶ እግሩን ወደ ላይ ቢወረውር የሚያስደንቅ አይደለም፤ ይልቁንም ከክፉ ባልንጀራና ከሥራ ፈትነት ስለሚጠብቀው ወላጆቹ ሊደሰቱበት የሚገባ ነው።

ነገር ግን እግሩን የሚወረውር ሁሉ አንድ ቀን እግሩን ይዞ መቀመጡ አይቀርም። ልጁ ማታ እያነከሰ ይገባል። እናቱ «ምን ሆንክ?» ብትለው «ወለም ብሎኝ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ ቤቱ በሙሉ ሐኪም ይሆናል፤ አንዱ ቅቤ ያቀልጣል፥ አንዱ ጨውና ትኩስ ውሃ ያቀርባል፥ ጐረቤት ደግሞ ስመ ጥሩውን ወጌሻ ለመጥራት ይሮጣል። ሁሉም ይህን የሚያደርገው በፍቅር እንደ ሆነ አንጠራጠርም። ሆኖም የእግሩ ዕድል ባብዛኛው የሚወሰነው በዚያች ማታና በማግሥቱ በሚደረገው ነገር ስለ ሆነ፥ ምን መደረግ እንደሚገባውና ምን መደረግ እንደማይገባው አስቀድሞ ማወቅ ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ያስፈልጋል።

ቁርጭምጭሚት ማለት የቅልጥም ሁለት ዐጥንቶች ከእግር ዐጥንት ጋራ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው። ዐጥንቶቹን ከግራና ከቀኝ አጥብቀው የሚይዙ ጅማቶች አሉ። በውስጥ በኩል ያለው ጅማት ሰፊና ብርቱ ሲሆን በውጭ በኩል ያሉት ግን ቀጫጭኖች ናቸው። ስለዚህ ዘሎ ሲወርድ የእግሩ መዳፍ ወደ ውስጥ የታጠፈበት ልጅ የሚለጠጥበት ወይም የሚበጠስበት አብዛኛውን ጊዜ የውጪው ጅማት ነው። እብጠቱና መጥቆሩም ከተበጠሱት ጥቃቅን የደም ሥሮች ከሚፈሰው ደምና ከሚጠራቀመው ውሃ የሚመጣ ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ወለምታ ከስፍራው የወጣ ዐጥንት ማለት አይደለም፤ የሚመለስ ነገር ከሌለ ደግሞ የሚጐተትና የሚጠመዘዝ ነገር የለም። የተቀደደ ሸማ ሲጐትቱት ቀዳዳው እንደሚሰፋ ሁሉ፥ የተጐዳውንም ጅማት በዚያው ምሽት ቢያሹትና ቢጠመዝዙት ጉዳቱ ይብሳል። ትኩስ ውሃም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እብጠቱን ስለሚያበዛ ለኋላ ይቈይ።

ወለምታ መሆኑና ስብራት መሆኑ በምን ይታወቃል? ይህ ጥያቄ ሐኪሞችንም ያስቸግር ነበር። በካናዳ አገር በኦታዋ ከተማ የሚሠሩ ሐኪሞች ራጅ ሊነሣ የሚገባውንና የማያስፈልገውን ለመለየት አንድ ቀላል መመሪያ አውጥተው በ1984 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ መመሪያውም ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ልጁ በተጐዳበት ሰዓትም ሆነ ኋላ ሲመረመር፥ እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ያስፈልገዋል። ደግሞም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጕብ ብለው የሚታዩትን ዐጥንቶች፥ ከጫፋቸው አንሥቶ እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ድረስ በኋላ ጠርዛቸው በኩል በጣት ቀስ ብሎ መጫን ነው። ሥጋው ሳይሆን ዐጥንቱ ራሱ የሚያም ከሆነ እንደዚሁ ራጅ ያስፈልጋል። በእግሩ የውጭ ጠርዝ መካከል ላይ ወጣ ያለችው ዐጥንትና በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለችው ዐጥንትም በዚሁ ዐይነት ይፈተናሉ። ዐጥንቱ ገና በማደግ ላይ ባለ ልጅ ደግሞ ከጅማቱ ይልቅ የሚደክመው ዐጥንቱ የሚያድግበት ለጋ ስፍራ ስለ ሆነ፥ በልጅ ነገር ላይ ጥርጣሬ ሲኖር ወደ ሐኪም ማዘንበል ይሻላል። እግሩ ቅርጹን ለውጦ የተጣመመ፥ ቆዳው ተቀድዶ ዐጥንት የታየ፥ ወይም ጣቶቹ የደነዘዙና የቀዘቀዙ ከሆነ ግን ምንም መመሪያ አያሻም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ነው።

አራት እርምጃ የተራመደና ዐጥንቱን ሲነኩት የማያመው ልጅ በቤት ሊታመም ይችላል። እግሩን በትራስ ላይ ከልቡ ከፍ አድርጎ ያስተኙታል፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ፥ በረዶም ከተገኘ በጨርቅ ተጠቅልሎ፥ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ድረስ ያኖሩለታል፤ በቀንም ጥቂት ጊዜ ይደግሙታል። በረዶ በባዶ ቆዳ ላይ አይቀመጥም። ስለ በረዶ ግን ብዙ ባንመካ ይሻላል፤ ዕረፍትን፥ በረዶን፥ ማሰርንና ከፍ ማድረግን በአንድነት ለስፖርተኞች ያስተማሩት አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ትምህርታቸውን በ1970 ዓ.ም. ገደማ ካወጡ በኋላ፥ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያህል ቈይተው በረዶ ሕመምን ቢያስታግሥም መዳንን ሊያዘገይ እንደሚችል ራሳቸው ጽፈዋል። ለስላሳ ፋሻ ከጣቶች ሥር ጀምሮ ወደ ላይ ቢጠመጠም መልካም ነው፤ ጣቶቹ ግን ይታዩ፥ ፋሻውም አንድ ጣት የሚያስገባ ይሁን። ሕመሙ ለበረታበት ልጅ በዕድሜውና በክብደቱ ልክ ፓራሲታሞል ይሰጠዋል፤ ልኩን ፋርማሲስቱን መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመለስ። ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ሰው ነው፤ ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የመጣ ነው። ሆስፒታል በሌለበት ዘመን ስንቱን እረኛና ስንቱን ገበሬ አስነሥቶ እንዳስኬደ የሚክድ የለም። ሆኖም በአገራችን የአንዳንድ ሕፃናት እጅና እግር የሚቈረጠው በስብራቱ ሳይሆን ስብራቱ በታሰረበት ማሰሪያ ምክንያት መሆኑን ሐኪሞቻችን በኀዘን የሚናገሩት እውነት ነው። ነገሩም እንዲህ ነው። እግር በተጐዳ በመጀመሪያው ቀን ገና እያበጠ ይሄዳል። ቀርከሃው ወይም እንጨቱ ዙሪያውን ከቦ በገመድ ከጠበቀ እብጠቱ መሄጃ ያጣና ወደ ውስጥ ይጫናል፤ የደም ሥሮቹም ይዘጋሉ። ደም ያላገኘ ሥጋ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ስድስት ሰዓት ያህል ካለፈ ብዙ ጊዜ የማይመለስ ጉዳት ይደርሳል። በማግሥቱ ጣቶቹ ጠቁረው ሲገኙ ሐኪሙ ሕይወቱን ለማትረፍ ከመቍረጥ በቀር ምርጫ አይኖረውም።

ስለዚህ እግሩ በታሰረ ልጅ አጠገብ የምታድር እናት መብራት አብርታ ጣቶቹን ትመልከት። የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጭና ስትለቀው የነጣው ጥፍር በሁለት ሴኮንድ ያህል ውስጥ ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ ይገባዋል። ልጁ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየበረታ ከሄደ፥ ጣቶቹን ቀስ ብለው ሲያንቀሳቅሱለት ከጮኸ፥ ወይም «ደነዘዘኝ፥ እንደ መርፌ ወጋኝ» ካለ፥ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያው ሙሉ በሙሉ ይፈታ። ከዚያም እግሩን ከልቡ ጋራ እኩል አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። «ወጌሻው ሦስት ቀን እንዳይፈታ ብሏል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ አይሠራም። ሲያመው ዝም ያለውን ልጅ «ጀግና» እያሉ ማመስገንም በዚህች ሌሊት ጥቅም የለውም፤ የሚጮኸው ልጅ እግሩን ያድናል።

ይህን ስንል ወጌሻዎችን ለማሳደድ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር መኰንን እሸቴ በ1997 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፥ በገጠር ለሚሠሩ ወጌሻዎች የአንድ ቀን ትምህርት ብቻ ተሰጥቷቸው፥ ከዚያ በኋላ በማሰሪያ መጥበቅ ምክንያት የሚቈረጠው ሰው ቍጥር በጣም ቀንሷል። አንድ ቀን! የአንድ ገበያ ቀን ያህል ጊዜ ማለት ነው። የወጌሻው እጅና የሐኪሙ ዕውቀት ቢገናኙ የሚጠቀመው ሕዝቡ ነው።

የሐይቅ ሰው ከደሴ ሆስፒታል የሚርቀው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ መኪና ካገኘ አይቸገርም። የአምባሰል ተራራ ሰው ግን መኪና መንገድ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ገደልና አቀበት አለበት። እዚያ የሚረዳው የታወቀው ቅሬ ነው፤ ቅሬ ለቀብር ብቻ ሳይሆን በሽተኛን በቃሬዛ ለመሸከምም የሚደርስ ማኅበር ነውና። ሸካሞች ከመነሣታቸው በፊት የተጐዳውን እግር በተገኘበት አኳኋን እንዳለ፥ ሳያቃኑ፥ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ በደንብ አልብሰው በግራና በቀኝ ቀጥ ያለ እንጨት ያድርጉለት። እንጨቱም ከቁርጭምጭሚቱ በላይና በታች በሻሽ ይያዝ፥ በሚያመው ስፍራ ላይ ግን ቋጠሮ አይዋል። ይህ ለመንገድ ብቻ የሚሆን ድጋፍ ነው። ጣቶቹም በየመንገዱ ይታዩ።

ጕልበት የተለየ ጠባይ አለው። ተማሪው በአንድ እግሩ ቆሞ በሌላው ሲራገጥ የቆመበት እግር ከወገቡ ጋራ አብሮ መዞር አለበት። ወለሉ እግሩን ይዞ አላዞር ካለው ግን የሚጠመዘዘው ጕልበቱ ነው። «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ጕልበቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካበጠ፥ በውስጡ ተሻግሮ የሚይዘው ትልቁ ጅማት ሳይበጠስ እንዳልቀረ ይገመታል፤ እንዲህ ያለው ሰው በማግሥቱ ቢራመድም እንኳ መመርመር አለበት። ጣትን በሚመለከት፥ ወደ ፊት የሚራገጥ ተማሪ ጣቶቹን ወደ ኋላ መልሶ ከጣቶቹ ሥር ባለው ወፍራም ሥጋ እንዲመታ ያልተማረ እንደ ሆነ የተቃዋሚው ክርን ጣቱን ይሰብርለታል። ትንሿ ጣት ሳትጣመም ከተሰበረች በመካከል ጥጥ አድርጎ ከጐረቤቷ ጣት ጋራ ማሰር ይበቃል፤ አውራ ጣት ግን ለሐኪም ነው። ከ8 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ሳይወድቅ ሳይመታ ተረከዙን የሚያመው ከሆነ፥ ብዙ ጊዜ በሚያድገው ዐጥንት ላይ ዝላይ ስለ በዛበት ነውና ዝላዩን ይቀንሱለት።

በአንዳንድ ማሠልጠኛ አሠልጣኙ የልጁን ትከሻ ተጭኖ እግሩን በግድ ሲያስከፍተው ይታያል። ይህ ጥበብ አይደለም። የታፋው ሥጋ ሊቀደድ፥ በጐረምሳም ላይ ጡንቻው የተያያዘባትን ዐጥንት ገንጥሎ ሊወስድ ይችላል። ወላጅ ልጁን ከማስመዝገቡ በፊት አንድ ቀን ሄዶ ትምህርቱን ቢመለከት አሠልጣኙን ማስቀየም አይደለም። ልጆቹ ከርግጫ በፊት ሰውነታቸውን ያሟሙቃሉን? ሲሚንቶው ላይ ምንጣፍ አለን? በሜዳ ከሆነ ጕድጓዱና ድንጋዩ ተጠርጓልን? የተጐዳ ልጅ «አመመኝ» ሲል ይሰማልን?

ቀላል ወለምታ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ሊሻል ይችላል፤ ጅማት የተበጠሰበት ግን ሳምንታትን አልፎ ወራትን ይጠይቃል። እብጠቱ ስለ ጐደለ ብቻ ድኗል አይባልም፤ አንድ ጊዜ ወለም ያለው እግር ካልጠነከረ እንደ ገና ወለም ይለዋልና። ሕመሙ ሲበርድ ልጁ በቀን ሁለት ጊዜ በተጐዳው እግሩ ብቻ ይቁም፤ መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፎ፥ ቀጥሎ ሳይደገፍ፥ ኋላም ዐይኑን ጨፍኖ። ሳያነክስ መሮጥና በዚያው በአንድ እግሩ ሳያመው መዝለል ሲችል ወደ ልምምዱ ይመለስ፤ መጀመሪያ ቀስ ያለ ርግጫ በባዶ አየር ላይ፥ ከዚያ በመምቻ ትራስ ላይ፥ ግጥሚያውም በመጨረሻ። በልምምድ ሰዓት ቁርጭምጭሚቱን የሚደግፍ ፋሻ ቢያስር ይጠቅመዋል፤ እርሱም ማታ ከመኝታ በፊት ይፈታል፥ ታጥቦም ለነገ ይሰጣል።