ነርሷ ተስፋ ቆርጣ አይደለም

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ አመጋገብና ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ነው። የዛሬው ርዕስ ከበድ ይላል፤ ቢሆንም ከሁለቱም አይርቅም። ዘመዳቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገባባቸው ሰዎች ወደ መድኃኒት ቤት ብቅ ሲሉ ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ አለ። «ግሉኮሱን ቀነሱበት፣ ምግብ አትስጡት አሉን፣ ነርሷም አፉን ማርጠብና ማገላበጥ ብቻ ሆነ ሥራዋ፤ ትተውታል» ይላሉ። እስቲ ይህን ነገር ከሥሩ እንየው።

በተለምዶ አይሲዩ የምንለው ክፍል የተቋቋመው ለማዳን ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ሕሙማን አንድ ነርስ እንድትመደብ የሚመከረውም የደም ግፊቱን፣ ትንፋሹንና የሽንቱን መጠን በየሰዓቱ እየመዘገበች እንድትከታተል ነው። ሆኖም ሳንባው፣ ኩላሊቱና ልቡ ተከታትለው ሲደክሙ፣ ሕክምናው በሽታውን እንደማይመልሰው ሐኪሞቹ የሚረዱበት ጊዜ ይመጣል። ከዚህ በኋላ የነርሷ ሥራ ይለወጣል እንጂ አያልቅም። በየሁለት ሰዓቱ የምታገላብጠው የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት ነው። ዓይኑ ካልተከደነ እንዳይደርቅ ታረጥበዋለች። ጉሮሮው ውስጥ ምራቅ ተጠራቅሞ ሲያንኮራኩር በጎኑ ታስተኛዋለች፤ ድምፁ ቤተሰብን እጅግ ያስጨንቃል እንጂ ራሱን የሳተውን ሕመምተኛ ያን ያህል እንደማያሠቃየው ይታመናል። ግሉኮሱ የሚቀነሰው ደግሞ የደከመ ልብና ኩላሊት ውሃውን ማስወገድ ስለሚያቅታቸው ነው። ውሃው ሳንባ ውስጥ ሲጠራቀም ትንፋሹን ያከብደዋል።

ወደ ምግቡ እንምጣ። በእኛ አገር ሰው ፍቅሩን የሚገልጸው በማጉረስ ነው። እናት አጥሚቱን በቴርሞስ፣ ማሩን በብልቃጥ ይዛ ከሞጣ ወይም ከቢቸና ስትመጣ «አይቻልም» መባሏ ያማል። ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ቀናት ወደ አንጀት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ የረሃብ ስሜትም ይጠፋል። መዋጥ ለተሳነው ሰው በማንኪያ የተሰጠ አጥሚት ወደ ሳንባ ሊገባና ሊያፍነው ይችላል። ምግብ መተዉ የሞቱ መንስኤ ሳይሆን ሞቱ የመቃረቡ ምልክት ነው። ሕሙማንን ምግብና መጠጥ በግድ እንዳንሰጥ የሚያስተምር ሐዲስ ቲርሚዚና ኢብን ማጃህ ዘግበው ይገኛል። (ይህ የመዳን ተስፋ ላለው ሕመምተኛ አይሠራም፤ እሱ በቱቦም ቢሆን መመገብ አለበት። የእናንተ ዘመድ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።) እጃችሁ ሥራ ከፈለገ ነርሷን አስፈቅዳችሁ በንጹሕ ጥጥ ከንፈሩን አርጥቡ። ዘምዘም ካላችሁም በጥጡ ነክራችሁ ከንፈሩን መቀባት ትችላላችሁ።

በሙያዬ አብዝቼ ልናገርበት የምፈልገው የሕመም ማስታገሻውን ነገር ነው። ሞርፊን የሚለውን ስም ሲሰማ «ሊገድሉት ነው» የሚል ሰው አለ፤ «ሱሰኛ ይሆናል» የሚልም አለ። ነገ ያልፋል ለተባለ ሰው ሱስ መፍራት ለእኔ አይገባኝም። በትክክለኛ መጠን ተጀምሮ እንደ ሕመሙ ቀስ እያለ የሚጨመር ሞርፊን ዕድሜ አያሳጥርም፤ ሕመምንና የትንፋሽ ማጠርን ያቀላል። በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ የሚሠራው ለ4 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ሕመሙ እስኪመለስ ሳይጠበቅ በሰዓቱ መሰጠት አለበት፤ ሆድ ስለሚያደርቅም የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። ፔቲዲን ግን ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሲደጋገም ዝቃጩ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ይችላል። ሞርፊን በልዩ ማዘዣ የሚወጣ መድኃኒት ስለሆነና በየቦታው ስለማይገኝ ቤተሰብ ዝም ካለ ጉዳዩ ይዘገያል፤ «እያመመው ነው፣ ምን ታዞለታል?» ብላችሁ ጠይቁ። የፊቅህ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን መድኃኒት ሕክምና ሲያስገድድ ይፈቅዱታል፤ ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ኢማሙን ይጠይቅ።

ለሚያጣጥር ሰው «ላ ኢላሃ ኢለላህ»ን ማስታወስ (ተልቂን) ሁላችንም የምናውቀው ሱና ነው። ራሱን ስቷል፣ አይሰማም ብላችሁ አትተዉት። እ.ኤ.አ. በ2020 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካናዳ ያወጡት ጥናት፣ ምላሽ መስጠት ካቆሙ በሞት አፋፍ ላይ ከነበሩ ሕሙማን የአንዳንዶቹ አንጎል ለድምፅ መልስ ይሰጥ እንደነበር አሳይቷል። ቀስ ብላችሁ በጆሮው በሉለት። በኮቪድ ጊዜ በብዙ አገር ቤተሰብ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ሲከለከል ነርሶች ስልክ በሕመምተኛው ጆሮ ላይ ይዘው ያሰናብቱ ነበር።

ሊሞት የተቃረበን ሰው ማስታመም በእስልምና ታሪክም ጥንት የነበረ ነው። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ክንዳቸው ላይ በቀስት በተመቱ ጊዜ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) ድንኳን እንዲወሰዱ አዘዙ። እሳቸውም ጠዋትና ማታ እየመጡ «እንዴት አደርክ? እንዴት ዋልክ?» ይሏቸው ነበር። በኋላ ቁስሉ ዳግም ፈነዳና ሰዕድ አለፉ። ሩፈይዳን ግን «አላዳነችም» ብሎ የወቀሳት የለም።

የዛሬዎቹ ነርሶች ችግር የልብ አይደለም። በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች በ341 ነርሶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ስለ ማስታገሻ ክብካቤ በቂ ዕውቀት የነበራቸው ከ10ሩ 3ቱ ያህል ብቻ መሆናቸውን፣ በጎ አመለካከት ያላቸው ግን ከ4ቱ 3ቱ ያህል እንደነበሩ አሳይቷል። ፍላጎቱ ካለ ማሠልጠን የሚያቅት አይመስለኝም። ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአዲስ አበባ ይህንኑ ሲሠራ ቆይቷል።

አንድ ከባድ ጉዳይ ይቀራል። ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል «ከዚህ በላይ የሚደረግ የለም» የተባሉ አንዳንድ ቤተሰቦች በሬ ሸጠው፣ ተበድረው ሕመምተኛውን ወደ አዲስ አበባ ይጭናሉ። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አባይ በረሃን መውረድና መውጣትም አለበት። በክልሉ ግጭት ከተነሳበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ከመነሳታችሁ በፊት «እዚያ የሚያገኘውና እዚህ የሌለው ሕክምና ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁርጥ ያለ መልስ ካለ በአላህ ተመክታችሁ ሂዱ። ከሌለ ግን ዘመዳችሁ ጎሃ ጽዮን ሳይደርስ አምቡላንስ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። መሣሪያ የመንቀል ጥያቄ ለሚያስጨንቃችሁም፣ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 አማን ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ አንጎሉ ሙሉ በሙሉ መሥራት ማቆሙን ባለሙያ ሐኪሞች ላረጋገጡለት ሰው የመተንፈሻ መሣሪያው ቢነሳ እንደሚፈቀድ ገልጿል።

በእኛ አካባቢ ነርሷ ክርስቲያን ልትሆን ትችላለች፤ የምትፈልጉትን ካልነገራችኋት ከየት ታውቀዋለች? ገና በጊዜው፣ ለቅሶ ሳይጀመር፣ ንገሯት። ሴት ሕመምተኛ ከሆነች ሴት ነርስ ካለች እሷ ብታጥባት፣ ከሌለችም መጋረጃው ይጋረድ። ከደብረ ማርቆስ ቂብላ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው፤ አልጋው የሚዞር ከሆነ ታዞርላችኋለች፣ ካልሆነም በቀኝ ጎኑ ፊቱን ወደዚያ ማስተኛት ትችላለች። ሩሑ ከወጣች በኋላ ዓይኑን መክደን፣ አገጩን ማሰርና እጅና እግሩን መዘርጋት ነርሶችም የተማሩት፣ እኛም የምናደርገው ነው። ቱቦዎቹን እሷ ትንቀል፤ ጀናዛው እንዳይዘገይ ወረቀቱን ቶሎ እንድታስጨርስላችሁ ለምኗት፤ እጥበቱንና ከፈኑን ግን ለእኛ ተይልን በሏት።